እድፍ ለማስለቀቅ የትኛው ብሩሽ ይሻላል? ከነጠላ እስከ ሱፍ ኮት

የልብስ ብሩሽ መመረጥ ያለበት በጨርቁ ነው፤ እድፉ ሁለተኛ ይመጣል። ይህን ከመጀመሪያው መናገር የፈለግሁት በብዙ ቤት ነገሩ ተገልብጦ ስለማየው ነው። እድፉ ሲጠና ብሩሹም ይጠነክራል፤ ወጡ አልለቅ ሲል ጉልበት ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ እድፉ ሲለቅ ጨርቁም አብሮ አልቋል።

መሃል አዲስ አበባ የሚውል ሰው በአንድ ሳምንት የሚለብሰውን እንመልከት። የሥራ ቀናት በጥጥ ሸሚዝና በሱፍ ኮት አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ቢሮ ያልፋሉ። ቅዳሜ በጂንስ ፒያሳ ነው። እሑድ ጠዋት ነጠላ አጣፍቶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ቅድስት ሥላሴ ይኬዳል። እነዚህ አራት ጨርቆች አራት ባሕርይ አላቸው። ቤት ውስጥ ያለው ብሩሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ እጀታው ፕላስቲክ፣ ጸጉሩ ወፍራምና አጭር፣ ምንጣፉም ጫማውም የመታጠቢያ ቤቱ ወለልም የሚፈተግበት። ይህ ብሩሽ ለሸራ ጫማና ለወፍራም የሥራ ልብስ ጥሩ ነው። ነጠላ ላይ ሲያርፍ ግን የፈተለችውንም የሸመነውንም ሰው ድካም በአምስት ደቂቃ ያበላሻል።

በእጅ ማሸትን፣ ነጭ ጨርቅን፣ ስፖንጅን፣ ለስላሳና ጠንካራ ብሩሾችን፣ በረኪናንና ላውንደሪን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው፣ ብዙውን ሥራ የሚሸፍነው ለስላሳው ብሩሽ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሆኖም እሱም ፈጽሞ የማይነካቸው ጨርቆችና እድፎች አሉ።

ለስላሳነት ከምን ይመጣል?

እድፍን የሚያስለቅቁት ሳሙናና ውሃ ናቸው። ብሩሹ የሚያግዘው ሳሙናውን በድርና በማጉ መካከል በማስገባትና የላላውን እድፍ ወደ ላይ በማውጣት ነው። ቀጭንና ተጣጣፊ ጸጉር በክሮቹ መካከል ያለችውን ትንሽ ክፍተት ያገኛታል። ወፍራምና ደረቅ ጸጉር ግን እዚያ መግባት ስለማይችል ከላይ ያለውን ክር ይቧጭራል። ጥቁር ሱሪ ላይ እድፍ ካስለቀቁ በኋላ ነጣ ያለ ክብ ምልክት ቀርቶ ያውቃል? ብዙ ጊዜ ያ ምልክት የተጎፈረ ክር ነው። ክሩ ተበጣጥሶ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚመልስ ነጥቶ ይታያል። ባለቤቱ እድፉ አልለቀቀም ብሎ ደግሞ ሲፈትገው ይብሳል።

የጸጉሩ ውፍረት ከሚገመተው በላይ ልዩነት ያመጣል። ከአንድ ዓይነት ናይሎን የተሠሩ፣ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጸጉሮች ቢኖሩና አንዱ በውፍረት የሌላውን እጥፍ ቢሆን፣ ወፍራሙን ለማጠፍ 16 እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ርዝመት በተቃራኒው ይሠራል፤ ጸጉሩ በእጥፍ ሲረዝም 8 እጥፍ ይለሰልሳል። በዚህ ምክንያት ጸጉሩ ቀጭን ሆኖ በጣም ያጠረ ብሩሽ እንደተባለው ለስላሳ ላይሆን ይችላል። «የተፈጥሮ ጸጉር» የሚለው ጽሑፍም ዋስትና አይሆንም። የአሳማ ጸጉር ደረቅ ነው፤ የፈረስ ጸጉር መካከለኛ ነው፤ የፍየል ጸጉር ደግሞ ከሁሉም ይለሰልሳል።

ሱቅ ውስጥ ቆመው የሚያደርጉት ፈተና ቀላል ነው። ብሩሹን በእጅ አንጓዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጫን አድርገው ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት። ከወጋዎት ወይም ጭረት ከተወ ለጂንስ ብቻ ይሁን። ቤት ሲደርሱ ደግሞ በአሮጌ ስቶኪንግ ላይ ያሂዱት፤ ከያዘውና ክሩን ከሳበው ለስስ ጨርቅ አይሆንም።

የትኛው ብሩሽ ለየትኛው ሥራ?

ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት «ለስላሳ» ተብሎ የሚሸጥ አዲስ የጥርስ ብሩሽ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በየሰፈሩ ሱቅ ይገኛል፣ የጸጉሮቹ ጫፍ ድድ እንዳይጎዳ ተብሎ ብዙውን ጊዜ ይድቦለቦላል። ጭንቅላቱ ትንሽ በመሆኑ ለኮሌታ፣ ለእጅጌ ጫፍ፣ ለቁልፍ ዙሪያና ለጥበብ ጠርዝ ይመቻል። ጠባብነቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ እድፉን ብቻ ይነካል፣ ዙሪያውን አያረጥብም። ጥርስ ሲታጠብበት የኖረውን አሮጌ ብሩሽ ግን ለነጭ ልብስ አልመክርም። ጸጉሩ ተበታትኗል፤ ውስጡም የጥርስ ሳሙና ቅሪት አለ፤ የጥርስ ሳሙና ደግሞ የሚፍቅ ዱቄት አለበት። ልብስ ላይ የጥርስ ሳሙና ቀብቶ መፈተግ የተለመደ ምክር ቢሆንም ባለቀለም ጨርቅ ላይ ያነጣል።

ሁለተኛው የሕፃን ጸጉር ማበጠሪያ ብሩሽ ነው። የሕፃናት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አያጡትም። ጸጉሩ ረጅምና እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ሰፋ ላለ እድፍ፣ ለነጠላ አካል፣ ለሹራብና ለሱፍ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የማይችለው ነገር ወፍራም ጨርቅ ውስጥ የሰመጠ ቅባት ነው፤ እዚያ ላይ ጉልበት ያንሰዋል።

ሦስተኛው ሊስትሮዎች ጫማ ለማብረቅ የሚጠቀሙበት ዓይነት የፈረስ ጸጉር ብሩሽ ነው። አዲስ ሆኖ ከተገዛና ቀለም ነክቶት የማያውቅ ከሆነ፣ በሱፍ ኮትና በሱሪ ጫፍ ላይ የደረቀ ጭቃን ለማራገፍ ይህን የሚያህል የለም። አንድ ጊዜ የጫማ ቀለም ከነካው ግን ልብስ አጠገብ አይድረስ፤ ሰሙና ቀለሙ ከጸጉሩ ሥር አይወጣም። ውሃና ሳሙና ላለበት ሥራም ብዙ አይመችም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይልማል፣ ለመድረቅ ቀን ይፈልጋል።

ጠንካራው የፕላስቲክ ብሩሽ ይጣል አልልም። ለሸራ ጫማ፣ ለቦርሳ ማንገቻ፣ ለወፍራም የጥጥ ቱታ ቦታ አለው። ጂንስ ላይ ግን ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም በክሩ ላይ ላዩን ነው የሚቀመጠው፤ የክሩ እምብርት ነጭ ነው። አንድ ቦታ ላይ በጠንካራ ብሩሽ ከተፈተገ ነጩ ይወጣል፤ ያም አይመለስም።

ብሩሽ የሌለባቸው አማራጮችም መመዘን አለባቸው። ጨርቅን በጨርቅ ማሸት፣ ማለትም ሳፋ ውስጥ በሁለት እጅ እየያዙ መፈተግ፣ ለአንሶላና ለውስጥ ልብስ በቂ ነው። ለአንዲት ነጠብጣብ ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ እድፉን ወደ ንጹሑ ክፍል ያዛምታል፣ ስስ ክሩንም ያንሸራትታል። ስፖንጅ ሳሙና ያደርሳል እንጂ ክሩ መካከል አይገባም፤ ገና ላልደረቀ እድፍ ይበቃል። እድፉ ገና እርጥብ ሲሆን ከሁሉም የሚቀድመው ነጭ ጨርቅ ነው። ጫን እያደረጉ ማስመጠጥ ነው እንጂ መጥረግ አይደለም። ነጭ እንዲሆን የምለው ቀለሙ ወደ ልብሱ እንዳይተላለፍና እድፉ መውጣት አለመውጣቱ እንዲታይ ነው።

ነጠላና የሀገር ልብስ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በእኔ እምነት በጠንካራ ብሩሽ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የሀገር ልብስ ነው። በሽሮ ሜዳም ሆነ በሌላ ቦታ በእጅ የሚሸመን ጨርቅ በማሽን እንደተሠራው የተጠቀጠቀ አይደለም። ማጉ ላላ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ልብሱን ቀላልና ለስላሳ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ወደ ጎን ሲፈተግ ክሮቹ ከቦታቸው ይሸሻሉ፤ እድፉ የነበረበት ቦታ ወንፊት ይመስላል። ከዚያ በኋላ መተኮስም አይመልሰው።

ስለዚህ ነጠላ ላይ ብሩሽ አይጎተትም፤ ይነካካል። ነጠላውን ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉ፣ ከሥሩ የታጠፈ ነጭ ፎጣ ያድርጉ፣ እድፉ ያለበትን ገጽ ወደ ፎጣው ያዙሩ። በውሃ የተበጠበጠ ፈሳሽ ሳሙና ከጀርባ በኩል ይቀቡና የሕፃን ብሩሹን ቀጥ አድርገው ይዘው ቀስ እያሉ ይምቱት። እድፉ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ፎጣው ይወርዳል። ከዳር ወደ መሃል ይሂዱ፤ ከመሃል ከጀመሩ ክቡ ይሰፋል። ፎጣው በቆሸሸ ቁጥር ንጹሑን ክፍል ያምጡለት። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ይገባዋልም።

ጥበቡ ለብቻው ይታያል። ባለቀለም ክሮች ሁሉ ቀለማቸውን አይዙም። አስቀድመው በማይታየው በኩል ነጭ ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርጥበው ጥበቡን ጫን ያድርጉት። ጨርቁ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ከወጣ ጥበቡን ከማርጠብ ይቆጠቡ፤ ነጩን ክፍል ብቻ በጥርስ ብሩሽ ይሥሩ። ቀለሙ የማይለቅ ከሆነ ብሩሹን በጥበቡ ክር አቅጣጫ ብቻ ያሂዱት። ወርቅማ ወይም ብርማ ክር ያለበት ጥበብ ላይ ግን ምንም ብሩሽ አይሂድ፤ የሚያብረቀርቀው ክፍል በክሩ ላይ የተጠቀለለ ስስ ንጣፍ ስለሆነ ይላጣል።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላ ላይ የሚያገኘው ሌላ ነገር የጧፍ ሰም ነው። ሰም ገና ሞቃት እያለ ብሩሽ ማንሳት አይገባም፤ በድርና በማጉ መካከል ይቀበራል። እስኪጠነክር ይጠብቁ፤ በረዶ ካለ በላስቲክ ጠቅልለው ያሳርፉበት። ከዚያ በጥፍር ወይም በማንኪያ ጫፍ ላይ ላዩን ያንሱት። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል። ጽሑፍ የሌለበት ወረቀት ከላይና ከታች አድርገው መጠነኛ ሙቀት ባለው ካውያ ሲጫኑት ወረቀቱ ይመጥጠዋል፤ ወረቀቱን እየቀያየሩ ይድገሙት። ብሩሹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የሚቀረውን ቅባታማ ጥላ በፈሳሽ ሳሙና እየነካካ ያወጣዋል።

ጥር 11 ከጃንሜዳ የተመለሰ ነጭ ቀሚስ ሁለት ዓይነት እድፍ ይዞ ይመጣል፦ የጭቃና የሣር። የሣሩን አረንጓዴ ውሃ ብቻውን አያወጣውም፤ ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በነጭ ጨርቅ እያስመጠጡ ከቀነሱት በኋላ ወደ ሳሙናና ብሩሽ ይሂዱ። በዓል ቤት ቄጠማ ላይ ለተቀመጠ ቀሚስም እንዲሁ ነው።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የገባበት ሳሙና በቀላሉ አይወጣም። አንዲት የቡና ጠብታ ብላ ጋቢ ሙሉ የምትዘፈዝፍ እናት በክረምት ለቀናት የማይደርቅ ልብስ ታተርፋለች። ቦታውን ብቻ በብሩሽና በአንድ ብርጭቆ ውሃ መሥራት ይበልጣል።

ሱፍ፣ ሐር፣ ፖሊስተርና ጥጥ

ጥጥ ሸሚዝ ቻይ ነው። ጥጥ ከደረቀበት ጊዜ ይልቅ ሲረጥብ ይጠነክራል፤ ኮሌታው ላይ የተከማቸውን የአንገት ቅባት በጥርስ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና በክብ እንቅስቃሴ መፈተግ ችግር የለውም። ሳሙናውን ከቀቡ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል መቆየቱ ከጉልበት ይበልጣል።

ሱፍ ተቃራኒው ነው። የበግ ጸጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ እርጥበት፣ ሙቀትና ፍትጊያ ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጨርቁ ይጠብቃል፣ ያጥራል። በዚህ ምክንያት ለሱፍ ኮት የመጀመሪያው ብሩሽ ሁልጊዜ ደረቅ ብሩሽ ነው፤ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ። ውሃ ካስፈለገ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ፣ በጨርቅ የተነካካ፣ በጣም ጥቂት ይሁን።

ሐርና ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ሐር መሰል ጨርቅ) ላይ ብሩሽ አይሂድ። ቪስኮስ ሲረጥብ እስከ ግማሽ የሚደርስ ጥንካሬውን ያጣል፤ ሐር ደግሞ አንድ ጊዜ ከተፋተገ አንጸባራቂነቱ ያንን ቦታ ለይቶ ይከዳል። ነጭ ጨርቅ፣ ካልሆነም ላውንደሪ። ፖሊስተር ለብሩሽ አይፈራም፤ ግን ውሃን እየገፋ ዘይትን ይወዳል፤ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ካልቀደመው ብሩሹ በከንቱ ይደክማል።

ወጥ፣ አልጫ፣ ቡና፣ ጭቃ

የዶሮ ወጥ እድፍ ውሃ የማይፈራው ቀለሙ ከስቡ ጋር ስለተዋሐደ ነው። የበርበሬ ቀይ ቀለም በውሃ አይሟሟም፤ በቅቤውና በዘይቱ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ትግሉ ከቅባቱ ጋር ነው። ወጡን በማንኪያ ጀርባ ያንሱ፤ ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሰው ቅባቱን እስኪመጥጥ ይተዉት፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያለ ውሃ ይቀቡና አሥራ አምስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ ብሩሽ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ። የሚቀረውን ብርቱካናማ ጥላ ለፀሐይ ይተዉት፤ ብርሃን ይህን ቀለም ያፈርሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ነጭ ልብስ ላይ ይህ ትልቅ ረዳት ነው። ጥበቡን ግን በሌላ ጨርቅ ሸፍነው ያስጡት፤ ፀሐይ የበርበሬን ቀለም ከጥበብ ቀለም ለይታ አታውቅም።

አልጫ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲነካው በድንገት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ሰው ልብሱ የተቃጠለ ይመስለውና በጠንካራ ብሩሽ ይነሣበታል። እርድ እንዲህ ነው፤ በሳሙናና በበረኪና አልካሊ ይቀላል፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ አሲድ ተመልሶ ይቢጫል። ልብሱን ደህና አድርገው ያለቅልቁት፣ ቀለሙ ይመለሳል። ቢጫውን ለማጥፋት ከማንኛውም ብሩሽ የተሻለው ፀሐይ ነው፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። ብሩሹን አስቀምጦ መተው ብልህነት ከሚሆንባቸው እድፎች አንዱ ይኼ ነው።

ቡናና ሻይ ታኒን የሚባል፣ ጨርቅ ላይ ቀለም የሚያሲዝ ንጥረ ነገር አላቸው። እንደደረሰ በነጭ ጨርቅ ማስመጠጥ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ መነካካት። እዚህ ላይ ደረቁን የልብስ ሳሙና በቀጥታ ማሸት አይመከርም፤ እድፉ ይበልጥ ሊይዝ ይችላል። ማኪያቶ ከሆነ ወተቱ ስላለበት ሙቅ ውሃ ፈጽሞ አይቅደም። ደምም ያው ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ብሩሽ።

የክረምት ጭቃ ላይ ትልቁ ስሕተት ችኮላ ነው። እርጥብ ጭቃ ሲጠረግ ወደ ውስጥ ይገባል። ይድረቅ፤ ከዚያ የፈረስ ጸጉር ብሩሽ አብዛኛውን ያራግፈዋል። በአስፋልት ዳር የመኪና ጎማ የሚረጨው ጥቁር ነጠብጣብ ግን ዘይትና ጥላሸት አለበት፤ እንደ ወጥ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይታከማል።

እስክሪብቶ ላይ ብሩሽ አይነካም። ቀለሙን ከማዛመት በቀር ሥራ የለውም። አልኮልና ነጭ ጨርቅ ብቻ፣ ከሥር ሌላ ጨርቅ ተነጥፎ። የጫማ ቀለም ካልሲና ሱሪ ጫፍ ላይ ሲያርፍም መጀመሪያ አልኮል፣ ከዚያ የዕቃ ሳሙና ነው።

ውሃው

በፈረቃ ውሃ ለሚያገኝ ቤት የለስላሳ ብሩሽ ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይኸው ነው። ሙሉ ልብስ ከመዘፍዘፍ ይልቅ የእድፉን ቦታ ብቻ መሥራት አንድ ጆግ ውሃ አይፈጅም።

ለብ ያለ ውሃ ስል በግምት 40 ዲግሪ ማለቴ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አንድ እጅ የፈላ ውሃ ከሁለት እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል የሚፈለገው ሙቀት ይገኛል። የፈላውን በቀጥታ ማፍሰስ ወተትና ደምን ክሩ ላይ ያበስላል። የዱቄት ሳሙና የሚጠቀሙ ከሆነም በዚህ ለብ ባለ ውሃ አስቀድመው ያሟሙት፤ ያልሟሟ ቅንጣት በብሩሽ ሲፈተግ ክር ይቆርጣል።

እንዶድ የሚያገኝ ሰው ለነጠላና ለጋቢ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚህ አረፋ ምክንያት ነው፤ የብልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ለመዋጋት የተደረገው ምርምር ከዚያ ተነሣ። ለቀንድ አውጣ ብርቱ የሆነው ይህ ፍሬ ጥጥን አይጎዳም፤ ከለስላሳ ብሩሽ ጋር ጥሩ ጥንድ ነው።

ብሩሽ ወይስ በረኪና?

በረኪና ፈጣን ስለሆነ ይወደዳል። ለነጭ ጥጥ አንሶላ ተበጥብጦ ቢገባ አልቃወምም። ጥበብ ያለው ልብስ ላይ ግን ቀለሙን ይበላል፤ ሱፍና ሐርን ደግሞ ያሟሟል፤ ላብ ያቢጫው የሸሚዝ ብብት ላይ ይባስ ያቢጫል። ብሩሹንም በበረኪና አያጥቡ፤ የእንስሳ ጸጉር ከሆነ እንደ ሱፍ ይጠፋል። አቼቶና በረኪና በአንድ ሳፋ መቀላቀል በምንም ምክንያት አይደረግም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ በትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጎዳል።

ምርጫዬን ቁርጥ አድርጌ እንድናገር ቢፈለግ፣ ለአንድ ቤት ሦስት ብሩሽ ይበቃል፦ አንድ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ የሕፃን ጸጉር ብሩሽ፣ አንድ አዲስ የፈረስ ጸጉር ብሩሽ። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል የጥርስ ብሩሹን ይግዛ። ከተጠቀሙ በኋላ ያለቅልቋቸው፣ ውሃው በእጀታው ውስጥ እንዳይቀር ጸጉራቸውን ወደ ታች አድርገው ያድርቋቸው፤ የወለሉ ብሩሽ ካለበት ባልዲም ያርቋቸው።

መቼ ወደ ላውንደሪ?

ገበር ያለው የሱፍ ኮት፣ ሐር፣ ወርቅማ ጥልፍ ያለው ቀሚስ፣ ከሁለት ሙከራ በኋላ ያልለቀቀ እድፍ። እነዚህን ቤት ውስጥ መታገል ዋጋ የለውም። በደረቅ እጥበት ልብሱ በውሃ ፋንታ ቅባት በሚያሟሟ ኬሚካል ስለሚታጠብ ሱፍ ሳያጥር ቅባቱ ይለቃል። ይህ ኬሚካል ግን ስኳር አያሟሟም። ለስላሳ መጠጥ ወይም ጭማቂ የፈሰሰበት ኮት ደርቆ እድፉ ሳይታይ ሊገባ ይችላል፤ የካውያው ሙቀት ሲያርፍበት ስኳሩ ይቃጠልና ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ልብሱን ሲያስረክቡ ምን እንደፈሰሰበት፣ መቼ እንደፈሰሰበት፣ ቤት ውስጥ ምን እንደቀቡት ይናገሩ፤ ቦታውንም በነጭ ክር በሁለት ስፌት ምልክት አድርገውበት ይስጡ።